ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልና የቤታችን ጸሎት

ከመራዊ ተነሥቶ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ አልፎ፣ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ አቅጣጫ የሚጓዝ መንገደኛ መርጡለ ማርያም ይደርሳል። መርጡለ ማርያም እቴጌ እሌኒ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ባሳነጹት ቤተ ክርስቲያን ስሙ የገነነ፣ ሊቃውንትን ሲያፈራ የኖረ ደብር ነው። በዚሁ ደብር አካባቢ፣ ድቦ በምትባል መንደር፣ በ1791 አንድ ሕፃን ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ተብለው ካልተጻፉት በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያ ሕፃን ኋላ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ተብሎ በመላዋ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሚታሰበው የጎጃም ሰማዕት ነው።

ውድ አንባብያን፣ የቅዱሳንን ታሪክ ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምንቸኩለው ወደ መጨረሻው፣ ወደ እስራቱና ወደ ግርፋቱ ነው። በዚህ እትም ግን የእኚህን አባት ሕይወት ያነሣነው ወላጆች በየጊዜው የሚያቀርቡልንን አንድ ጥያቄ በልባችን ይዘን ነው። ጥያቄው ትንንሽ ልጆቻችንን በቤት ውስጥ ጸሎት እንዴት አድርገን እናስተምራቸው የሚል ነው። ዛሬ ይህ ጥያቄ ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ጦርነት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ቆይተዋል። መንገድ ሲዘጋ ካህኑም ወደ ገጠር ምእመናኑ እንደ ልቡ አይደርስም፤ የእሑድ የትምህርተ ክርስቶስ ክፍልም ይበተናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ለሕፃኑ የሚቀርለት ትምህርት ቤት የእናቱ ምድጃ ዳር ነው።

አባ ገብረ ሚካኤል ገና ልጅ ሳሉ አንድ ዓይናቸው ጠፋ። በዚያ ዘመን በጎጃም ገጠር የወንድ ልጅ ዕጣ ወይ እርሻ ወይ ጦር ሜዳ ነበር፤ አንድ ዓይኑ የጠፋ ልጅ ደግሞ ለሁለቱም አይመረጥም። ስለዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት አዘነበሉ። ለብዙ ቤተሰብ የኀዘን ምክንያት የሚሆነው ጉዳት ለእርሳቸው የመጽሐፍ በር ሆነ። ይሁን እንጂ ሰው ወደ የኔታ ከመላኩ በፊት ጸሎትን የሚጀምረው በቤቱ ነውና፣ የአገራችንን የቤት ሥርዓት እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

የጎጃም ገበሬ ቤት የጸሎት ትምህርት የተጻፈ መርሐ ግብር የለውም። ሕፃኑ ገና ንግግር ሳይጀምር ማተቡ በአንገቱ ነው። እናቱ ሊጥ ስታቦካ፣ እንጀራ ልትጋግር ምጣዱን ስታሰማ በመስቀል ምልክት ታማትባለች፤ ሕፃኑም በጀርባዋ ታዝሎ ያያታል። አባቱ ማለዳ በሬዎቹን ሳይጠምድ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ይቆማል። ማዕድ ሲቀርብ ሳይባረክ አይቈረስም። ሲመሽ ታላላቆቹ ሲሰግዱ ትንሹም አብሮ ግንባሩን ወደ መሬት ይደፋል፤ አንዳንዴም እዚያው እንቅልፍ ይወስደዋል። ስለዚህ ልጁ ከቃሉ በፊት የሚማረው አካሉን ማዘዝ፣ ዝም ማለት፣ ከእርሱ የሚበልጥ አንድ ጌታ በቤቱ እንዳለ ማወቅ ነው። ብዙ ወላጆች ልጄ ጸሎት አልያዘልኝም ብለው ሲያዝኑ እሰማለሁ፤ እኔ ግን በመጀመሪያ የምጠይቃቸው ልጁ እናንተን ስትጸልዩ አይቶ ያውቃል ወይ ብዬ ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ዝምታ ነው።

ከቤት ቀጥሎ የየኔታ ዛፍ ሥር አለ። ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ብሎ፣ በመልእክተ ዮሐንስ ንባብ ተለማምዶ ወደ ዳዊት ይሻገራል። ማታ ማታ ደግሞ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ የቃል ትምህርት አለ፤ ውዳሴ ማርያሙ፣ አንቀጸ ብርሃኑ፣ መልክአ ኢየሱሱ በጆሮ እየገባ በአእምሮ ይጻፋል። ራቅ ካለ አገር የመጣው የቆሎ ተማሪ ቁራሹን በየደጁ ሲለምን በእመቤታችን ስም ይለምናል፤ ለአንዳንዱ ልጅ ብቻውን ሆኖ የሚያሰማው የመጀመሪያ ጸሎቱ ይኸው ልመናው ነው። ይህ ሥርዓት የሚደነቅ የማስታወስ ኃይል ሰጥቶናል። ጉድለት ግን አልነበረውም ማለት አይደለም። ልጁ መዝሙረ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር ሲወጣው የግእዙ ትርጉም ላይገባው ይችላል፤ ትርጓሜ የሚደረሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እዚያ የሚደርሰውም ጥቂቱ ነው።

አባ ገብረ ሚካኤል እዚያ ከደረሱት ጥቂቶች አንዱ ነበሩ። በመርጡለ ማርያም ተምረው በዚያው መነኰሱ። ነገር ግን የመነኰሱበት ሕይወት በመጻሕፍት ካነበቡት ሕይወት ጋር አልገጥም አላቸው። የቀድሞ አባቶች የምንኵስና ሥርዓት ምን እንደ ነበረ ለማወቅ ፈቃድ ጠይቀው ከገዳም ወደ ገዳም፣ ከመጽሐፍ ቤት ወደ መጽሐፍ ቤት ተንከራተቱ። ጎንደርም ገብተው ተማሩ፣ አስተማሩም፤ መጽሐፈ መነኮሳትን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሊቅ ተባሉ። ከተማሪዎቻቸው መካከል ዐፄ ዮሐንስ ሣልሳዊ ይገኙበታል። በዚያን ጊዜ አገሪቱ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በሚነሣ ክርክር የተከፈለች ነበረች፤ በጎጃም ቅባት፣ በሌላው ጸጋ፣ በትግራይ ካራ የሚባለው ትምህርት ደጋፊ ነበረው። አባ ገብረ ሚካኤል ቅባት በሚሰበክበት አገር ያደጉ ቢሆኑም፣ ያደጉበት ትምህርት ስለሆነ ብቻ መርምረው ሳይረዱት ሊይዙት አልፈለጉም። ጠያቂ ሰው ነበሩ፤ ይህ ጠባያቸው እስከ ሞት አልለቀቃቸውም።

ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ሲቃረብ አንድ ትልቅ መንገድ ተከፈተላቸው። የትግራዩ ገዢ ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ የሚያመጣ ልዑክ ወደ ግብፅ ሲልኩ፣ በ1841 አባ ገብረ ሚካኤልም ከልዑካኑ ጋር ወጡ። ልዑኩን ይዘው እንዲሄዱ የተለመኑት ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ዓድዋ የመጡት የላዛሪስት ማኅበር ካህን ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ነበሩ፤ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ የሚላቸው፣ ዛሬ ቅዱስ ዮስጢኖስ ተብለው የሚታወቁት ናቸው። እኚህ ካህን በደቡብ ኢጣሊያ ሳን ፌሌ በምትባል ከተማ በ1800 ተወልደው፣ ከአሥራ አራት ልጆች መካከል ሰባተኛው ሆነው ያደጉ ናቸው። ያን ያህል ልጅ ባለበት ቤት ጸሎት በየተራ እንጂ በየግል አይደረግም፤ ከእናታቸው የተማሩትም በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው።

በካይሮ የሆነው ለአባ ገብረ ሚካኤል ከባድ ነበር። ፓትርያርኩ ለኢትዮጵያ የመረጡት ዕድሜው ከሃያዎቹ መጀመሪያ የማያልፍ እንድርያስ የተባለ ወጣት ነበር፤ እርሱም አቡነ ሰላማ ተብሎ ተሾመ። አባ ገብረ ሚካኤል ይህን ሹመት ተቃወሙ። ከዚያ የተወሰኑት ልዑካን ከአባ ያዕቆብ ጋር ወደ ሮም ተሻገሩ፤ በነሐሴ ወር 1841 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ተቀበሏቸው። ኢየሩሳሌምንም ተሳልመው ተመለሱ። በዚህ ጉዞ ሁሉ የጎጃሙ መነኵሴ ያን ነጭ ካህን ሲያጠኑት ነበር። ክርክሩን ብቻ አይደለም፤ አጸላለዩን፣ አኗኗሩን፣ ከአገልጋዩ ጋር አበላሉን ይመለከቱ ነበር። ሊቁን ያሸነፈው የመጽሐፍ ማስረጃ ብቻ አይመስለኝም። በየካቲት 1844 በዓድዋ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ኅብረት ገቡ።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመናቸው ለዛሬው ጥያቄያችን እጅግ የቀረበ ነው። አቡነ ያዕቆብ የዚህን ታላቅ ሊቅ እውቀት ለክርክር ብቻ አላዋሉትም። በአጋሜ፣ ከአዲግራት አጠገብ ባለችው በጓላ፣ ወጣቶች የሚማሩበት የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ሲከፈት አባ ገብረ ሚካኤል በዚያ መምህር ሆኑ። ሁለቱም አብረው ተቀምጠው ለአገሩ ሰው የሚስማማ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ አዘጋጁ፤ የሥነ ምግባር ትምህርተ መለኮትንም ወደ አገር ቋንቋ መለሱ። አስቡት! ነገሥታትን ያስተማረ፣ በጎንደር ሊቃውንት ፊት የሚፈራ ሰው፣ ሃምሳ ዓመቱን ካለፈ በኋላ ተቀምጦ አንድ ያልተማረ ሰው ወይም ልጅ እግዚአብሔር ማን እንደ ሆነ ሲጠይቅ ምን ተብሎ እንዲመለስለት ይመርጣል። በጥቂት ቃል፣ ግን ሳይጎድል። ይህ ሥራ ከክርክር ይልቅ ይከብዳል። ክርክር የሚያውቀውን ሰው ማሸነፍ ነው፤ ሕፃን ግን አይሸነፍም፤ ካልገባው ዝም ብሎ ያይሃል።

እኔ ራሴ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ገና በወጣት ካህንነቴ ባገለገልሁበት ቁምስና ልጆችን ጸሎት በቃላቸው እያስያዝሁ አወዳድር ነበር፤ ሳይሳሳት የጨረሰ ደብተርና እርሳስ ይሸለማል። አንድ ጊዜ ጸሎቱን ሁሉ እንደ ውኃ ያወረደ ልጅ ሽልማቱን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ መጣና፣ እግዚአብሔር አማርኛ ይሰማል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በቅዳሴ ግእዝ ሲሰማ አድጎ፣ እኔም በቃሉ ያስያዝሁት ከባድ ከባዱን ስለ ነበረ፣ እናቱ ታማ ሳለ ስለ እርስዋ በራሱ አፍ መናገር ይፈቀድ እንደ ሆነ አላወቀም። ያን ማታ እጅግ አፈርሁ። ጸሎት አስተምሬዋለሁ ብዬ ነበር፤ መጸለይን ግን አላስተማርሁትም ነበር።

ይህን ስል በቃል መያዝን ለመናቅ አይደለም። አቡነ ዘበሰማያት፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ የመልአኩ ሰላምታ ለእመቤታችን፣ እነዚህ በልጅነት ካልተያዙ በኋላ ለመያዝ ያስቸግራሉ። ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋርም በአንድነት የያዝናቸው ሀብቶች ናቸው። በአካባቢያችን እናት ከአንዱ፣ አባት ከሌላው የሆኑበት ቤት ጥቂት አይደለም፤ በእንዲህ ያለው ቤት ልጁ ሁለቱንም ወላጆቹን አንድ ላይ ተንበርክከው የሚያይበት ሰዓት ቢኖር በእነዚህ ጸሎቶች ሰዓት ነው። ያን ሰዓት የክርክር ሰዓት ማድረግ በሕፃኑ ላይ በደል ነው። የሚያስፈልገው በቃል ከተያዘው ጎን የልጁ የራሱ ቃል እንዲጨመር ነው። ታናሽ ወንድሜን ማርልኝ፣ ጥጃችን ጠፍታለች፣ ዛሬ ዋሽቻለሁ ይበል። ሲያጥር ይሻላል፤ ሕፃን ደክሞ ሲያንቀላፋ ሙሉ መቁጠሪያ ማስደገም ጸሎትን እንዲጠላ ማስተማር ነው። አንድ ምሥጢር በደስታ ቢደገም ይበቃዋል።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነዱ ቤተሰብን እንደ ቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ቆጥሯል፤ ወላጆችም በቃልና በምሳሌ ለልጆቻቸው የመጀመሪያዎቹ የእምነት ሰባክያን እንዲሆኑ ይጠይቃል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1981 ስለ ቤተሰብ በጻፉት ምክር ልጆችን ጸሎት ማስተማር የወላጆች የራሳቸው አደራ መሆኑን ገልጠዋል። ይህ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነው አደራውን ለካህኑና ለመምህሩ ብቻ መተዋችን ነው።

ወደ አባታችን ታሪክ እንመለስ። በጓላ የተጀመረው ሥራ ብዙ አልቆየም፤ ስደት ተነሣ፣ ካቶሊካውያንም ተበተኑ። አቡነ ያዕቆብ በ1849 በምፅዋ የጵጵስና ማዕረግ ተቀበሉ፤ በ1851ም አባ ገብረ ሚካኤልን ቅስና ሾሟቸው። ስድሳ ዓመት የሞላቸው ሊቅ አዲስ ካህን ሆኑ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለቱም በጎንደር ሳሉ ዘመኑ ተለወጠ። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ወደ ዙፋኑ ሲቃረቡ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማምተው ስለ ነበር፣ በሐምሌ 1854 አቡነ ያዕቆብ፣ አባ ገብረ ሚካኤልና ጥቂት ደቀ መዛሙርት ተያዙ። አቡነ ያዕቆብ ተለይተው ከአገር እንዲወጡ ተደረገ፤ የአገሩ ተወላጆች ግን በእስር ቀሩ። የዚያን ዘመን ነገር ስንናገር የሃይማኖትና የመንግሥት ጉዳይ እንደ ድርና ማግ የተያያዘበት ዘመን መሆኑን አንርሳ፤ በማንም ላይ ዛሬ ቂም ለመያዝ አይደለም የምንጽፈው።

እስረኞቹ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ወራትን አሳለፉ። መጽሐፍ የላቸውም፤ ቅዳሴ የለም፤ አንዱ ከሌላው እንዳይገናኝም ይለያያሉ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ በልጅነት በጨለማ በቃል የተያዘው ዳዊት ያለው ዋጋ የሚታየው። መጽሐፍህን ሰው ይቀማሃል፤ በልብህ የተጻፈውን የሚቀማህ የለም። አብረዋቸው ከታሰሩት መካከል የዓድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት ከእስሩ ተርፈው እስከ 1902 ኖረዋል፤ የአቡነ ያዕቆብንም ታሪክ ጽፈው ትተውልናል። አቡነ ያዕቆብም ከተያዙበት ሆነው ለእስረኞቹ የሚያጽናኑ ደብዳቤዎች በስውር ይልኩ ነበር።

ካሣ በየካቲት 1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው በደረስጌ ማርያም ነገሡ። አባ ገብረ ሚካኤል በንጉሡ ፊት ቀርበው ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተጠየቁ፤ አልለውጥም አሉ። በቀጭኔ ጅራት ተገረፉ። የሕይወታቸው ጸሐፊዎች እንደሚያወሱት ገራፊዎቹ በተለይ የቀረችውን አንዲቱን ዓይናቸውን ለማጥፋት ፊታቸውን ይመቱ ነበር፤ ዓይናቸው ግን አልጠፋችም። በግንቦት መጨረሻ እንደገና ለፍርድ ቆሙ። በዚያ ችሎት የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ተገኝቶ ነበር። በጥይት እንዲገደሉ ተፈረደባቸው፤ ቆንስሉና ሌሎችም ስለ ማለዱላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

ከዚያ በኋላ ከጦሩ ጋር በሰንሰለት ታስረው ተጓዙ። በሠራዊቱ ውስጥ የኮሌራ በሽታ ገብቶ ነበር፤ ዝናቡ ይወርዳል፤ ሽማግሌው የሚሰጣቸውን ጥቂት ምግብ ለታመሙት ያካፍሉ ነበር። ጠባቂዎቹ ወታደሮች እያደር ወደዱአቸው፤ እንደ አባት ያከብሩአቸውም ጀመር።

በመራዊና በዙሪያዋ ያላችሁ ወላጆች ይህን ስታነቡ ምን እንደሚታያችሁ አውቃለሁ። በጥር 2016 ዓ.ም. በከተማችሁ የብዙ ሰላማውያን ሰዎች ሕይወት እንደ ጠፋ አገር ሁሉ ያውቃል። ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ ማታ አብሯችሁ የሚንበረከክ ልጅ የሚጠይቀው ጥያቄ እንደ ቀድሞው አይሆንም። እግዚአብሔር የት ነበር፣ ለምን ዝም አለ ይላል። አንዳንድ ወላጅ ደንግጦ ዝም በል፣ ኃጢአት ነው ይለዋል። እባካችሁ አትበሉት። ለሕፃናት የምናስይዘውን ዳዊት ግለጡት፤ ከመቶ ሃምሳው መዝሙር ስንቱ ነው ለምን ተውኸኝ፣ እስከ መቼ እያለ የሚያለቅስ? ቤተ ክርስቲያን ይህን ጩኸት ከጸሎት መጽሐፏ አላወጣችውም። አባ ገብረ ሚካኤልም ዕድሜአቸውን ሙሉ ሲጠይቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ለጥያቄያቸው መልስ ፍለጋ ዓባይን ተሻግረው፣ ባሕር አቋርጠው ሄደዋል። ልጃችሁ ሲጠይቅ መልስ ባይኖራችሁ፣ እኔም አላውቅም፣ ና አብረን እንጠይቀው በሉት፤ ከዚያም በእውነት ጠይቁ። የሞቱትንም በስማቸው እያነሣችሁ ጸልዩ። ልጅ የሚወደውን ሰው ስም በጸሎት ሲሰማ ሰውየው እንዳልተረሳ ያውቃል።

አባ ገብረ ሚካኤል በዚያው በ1855 ክረምት ጨረጫ ገባባ በተባለ ስፍራ፣ ከነሰንሰለታቸው መንገድ ዳር ዐረፉ። ወታደሮቹ ሰንሰለቱን ፈትተው ከአንድ ዛፍ ሥር ቀበሯቸው። አቡነ ያዕቆብ ከአምስት ዓመት በኋላ በሐምሌ 1860 በምፅዋ ቆላ መንገድ ላይ ዐረፉ፤ በ1975ም ቅድስናቸው ታወጀ። አባ ገብረ ሚካኤል በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፁዕ ተባሉ። የተቀበሩበት ዛፍ ግን ምልክት አልተደረገበትም፤ አጽማቸውም ተፈልጎ አልተገኘም።